ሎንግ ቶንን ንቄ ያጣሁትን ድምፅ እንዴት እንዳገኘሁት

ፍሉት ለምትጫወቱ ሁሉ፣ በተለይ ጣታችሁ እየፈጠነ ድምፃችሁ ግን አልጠራ ላላችሁ ነው ይህን የምጽፈው። እኔ ሦስት ዓመት ያህል በማያደርስ መንገድ ሄጃለሁ። መጨረሻ ላይ መንጋጋዬን አሞኝ ፍሉቴን ሣጥኑ ውስጥ ዘግቼበት ነበር። የመለሰኝ ነገር ሲሰሙት በጣም ቀላል ነው። በየቀኑ አንድ ድምፅ ይዞ መቆየት። ሙዚቀኞቹ ሎንግ ቶን የሚሉት።

ከፈተናው ልጀምር። አንድ የሙዚቃ ቡድን ፍሉት ተጫዋች ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። መጀመሪያ ፈጠን ያለ ሥራ አቀረብኩ፣ ጣት የሚያሯሩጥ። አንድም ስህተት አልነበረበትም። ፈታኞቹ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ከዚያ አንደኛው፣ "እስቲ አሁን ትዝታ ቀስ ብለህ ተጫወትልን" አለኝ። ትዝታ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ያለ ቅኝት፣ ምን ያስፈራል ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛው ድምፅ ላይ ስደርስ ችግሩ ወጣ። ድምፁ ነፋስ ነፋስ ይላል። ረዘም አድርጌ ልያዘው ስል ይንቀጠቀጣል። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቁልቁል ይወርድብኛል። ፒያኖ ላይ የነበረው ልጅ ሊያግዘኝ ከሥር ኮርድ ሲያስገባ ከእሱ በታች መሆኔን በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው። ስጨርስ አንዷ ፈታኝ በትሕትና፣ "ጣትህ ጎበዝ ነው፣ ድምፅህን ግን ገና አላገኘኸውም" አለችኝ። አልተቀበሉኝም።

ያን ቀን ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ በእግሬ ነው የሄድኩት። ታክሲ የመያዝ አቅም እንኳ አልነበረኝም፤ የገንዘብ ሳይሆን የልብ። በጣም የከነከነኝ ንግግሯ እውነት መሆኑ ነበር።

እኔ ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻክል ነው። አጎቴ፣ አያ እያልን የምንጠራው፣ ዋሽንት ይጫወታል። ከብት ጥበቃ ስንውል ዝግባ ሥር ይቀመጥና ከያዛቸው ዋሽንቶች አንዱን ይመርጣል። አሁን ሳስበው አያ ዜማ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆይ ነበር። የሸምበቆውን ጫፍ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እያደረገ፣ ድምፁ እስኪሞላለት ይጠብቃል። እኛ ልጆቹ ዜማው እስኪመጣ እንቸኩላለን። እሱ አይቸኩልም። ያንን ለዓመታት እያየሁ አድጌ ምን እያደረገ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

አዲስ አበባ መጥቼ ያገለገለ ፍሉት ስገዛ ዋሽንት መሞከሬ ረዳኝ፤ መጀመሪያው ቀን ድምፅ አወጣሁ። ያ ራሱ ጎዳኝ ብል ይሻላል። ድምፅ ማውጣት ሥራው ያለቀ መሰለኝ። መምህሬ በሳምንት አንዴ ሲያስተምሩኝ ደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፈውልኝ ነበር፦ "በየቀኑ 10 ደቂቃ ሎንግ ቶን፣ ከዚያ ሌላው።" እኔ ከሌላው ነበር የምጀምረው። ሥራ ውዬ ማታ ስገባ ያለኝ ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከዚያ ላይ 10 ደቂቃ አንድ ድምፅ ይዤ ልቁም? ስኬልና አዳዲስ ዜማ ይሻለኛል አልኩ። መምህሬ ሲጠይቁኝ "አዎ፣ ሠርቻለሁ" እላለሁ። የሚያውቁ ይመስለኛል። አንድ ቀን ብቻ፣ "ፍሉቱ ይነግረኛል" ብለው ዝም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ያኔ ማንም ቢያስረዳኝ ኖሮ አልዘለውም ነበር። ክላርኔትና ሳክስፎን ሪድ አላቸው፣ ሲነፋ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን የሸምበቆ ስንጥር። ትንፋሹ የሚመታው ነገር አለ ማለት ነው። ፍሉት ምንም የለውም። የአየሩን መንገድ የሚሠራው ከንፈራችን ብቻ ነው፤ ያቺ በከንፈራችን መሐል ያለች ቀጭን ክፍተት፣ አየሩ የቀዳዳውን ጠርዝ የሚመታበት አቅጣጫ፣ ፍጥነቱ። ዛሬ የምንይዘውን ባለ ቁልፍ ፍሉት ጀርመናዊው ቴዎባልድ ቦም እ.ኤ.አ. በ1847 ሲያወጣው ለጣቶቻችን ትልቅ ነገር ሠራልን። ቁልፎቹ በሙሉ ሥርዓት ስላላቸው ጣት ከተቀመጠ ድምፁ ራሱ ትክክል ይመጣል ብለን እናስባለን። አይመጣም። ያው ጣት ተይዞ ጠንከር አድርገን ብንነፋ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀስ ብንል ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ፈተናው ላይ የወረድኩት በዚህ ነው። የትዝታው መጨረሻ ላይ በስሜት ድምፄን ቀነስኩ፤ ትንፋሹን ስቀንስ ከንፈሬ ምንም ስላላደረገ ቃናውም አብሮ ወረደ።

ከፈተናው በኋላ ተናደድኩ። ንዴት ጥሩ አስተማሪ አይደለም። መምህሬን ሳላማክር የራሴን መድኃኒት አዘዝኩ፤ በቀን ሁለት ሰዓት፣ እሑድ ሦስት። ሎንግ ቶንም ጨመርኩ፣ ግን የጨመርኩበት መንገድ ከመተው የባሰ ነበር። የስልኬን ሰዓት ከፍቼ አንድ ድምፅ ስንት ሰከንድ እንደምይዝ እቆጥር ነበር። 18፣ 22፣ 25። ቁጥሩ ሲጨምር የተሻሻልኩ ይመስለኛል። ድምፁ ራሱ ምን እንደሚመስል ግን አልሰማውም። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ ጉሮሮዬ ይታነቃል፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ይደርሳል፣ ፍሉቱን ከአገጬ ጋር አጣብቄ እጫነዋለሁ። ያ ወቅት ደግሞ ዐቢይ ጾም ነበር። ቀኑን ሙሉ እህል ውኃ ሳልቀምስ ውዬ ማታ እህል ከመቅመሴ በፊት እነፋለሁ። አንድ ምሽት ዓይኔ ጨለመብኝና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እንደገና ተነስቼ ቀጠልኩ።

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፍሉት ብዙ አየር ይበላል። በላይ በላይ በጥልቀት ስትተነፍሱ ራሳችሁን ቢያዞራችሁ መቀመጥና እንደወትሮው መተንፈስ ነው ያለባችሁ፣ መቀጠል አይደለም። የምትጾሙ ከሆነ ልምምዱን ከበላችሁ በኋላ አድርጉት፤ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ። ምራቅ የደረቀበት ከንፈርም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቀኝ መንጋጋዬ ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ ያመኝ ጀመር። ቆሎ መቆርጠም አቃተኝ። ጠዋት ስነሳ አፌን ለመክፈት እቸገራለሁ። ሐኪም ጋ ሄድኩ። አይቶኝ፣ ሥራዬን ጠይቆኝ፣ ፍሉቱን እንዴት እንደምይዝ በእስክርቢቶ አሳየኝ ብሎ ሲያይ፣ "ለምንድን ነው እንዲህ የምትጫነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ወር እንዳልነካው አዘዘኝ።

እነዚያ ሁለት ወራት ረጅም ነበሩ። ፍሉቱን ልሸጠው አንድ ሰው ጋ ደውዬ ዋጋ ሁሉ ጠይቄያለሁ።

ተመልሼ መምህሬ ጋ ስሄድ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሎንግ ቶን ሠርቻለሁ እያልኩ እዋሽ እንደነበር ሳይቀር። አልተቆጡኝም። የፍሉቱን ጭንቅላት ብቻ፣ ከንፈር የሚያርፍበትን ክፍል፣ ነቅለው ሰጡኝ። "ይህን ብቻ ንፋ" አሉኝ። ነፋሁ። "አሁን አገጭህን አትጫነው። ጣቴን እዚህ አስገባለሁ፣ ሳልቸገር ልጎትተው ካልቻልኩ እየተጫንክ ነው።" ጣታቸው በአገጬና በብረቱ መሐል እስኪያልፍ አላላሁት። ድምፁ ጠፋ። ነፋስ ብቻ። "ግዴለም፣ ከንፈርህ ይፈልገው" አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ መጣ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ንጹሕ። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከእኔ ወጥቶ አያውቅም። ያን ዕለት የተጫወትኩት ያንን ብቻ ነው። ጠቅላላ ትምህርቱ አንድ ድምፅ።

በሚቀጥለው ሳምንት ፍሉቱን ገጥመን ከመካከለኛው ሲ (የእንግሊዝኛው C ሳይሆን B) ጀመርን። ጥቂት ጣት ብቻ ስለሚይዝ እጅ አይጨነቅበትም፣ ሐሳብ ሁሉ ድምፁ ላይ ይሆናል። ፈረንሳዊው ፍሉተኛ ማርሴል ሞይዝ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው የድምፅ ልምምድ የሚያስተምረው መንገድ ነው። ከሲ ተነስቶ በግማሽ ድምፅ እየወረዱ ሁለት ሁለቱን ድምፅ ሳይቆርጡ ማያያዝ። ነገሩ ያለው ሁለተኛው ድምፅ ላይ ነው። ከመጀመሪያው አንሶ፣ ደክሞ፣ ቀለሙ ተለውጦ መምጣት የለበትም። ከተለወጠ ወደ ፊት አንሄድም፣ እንመለሳለን። መምህሬ ከጎኔ ቆመው እሳቸውም ያንኑ ድምፅ ይነፋሉ። የእሳቸው ክፍሉን ይሞላዋል፣ የእኔ ግን ከግድግዳው አይደርስም። አንድ ጊዜ ግን፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ያህል፣ የሁለታችን ድምፅ ተዋሕዶ አንድ ሆነ። የማን የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ፍሉቴ እጄ ላይ ሲንዘር ተሰማኝ። መምህሬ ነፍተው ሲጨርሱ፣ "ሰማኸው? እንግዲህ በየቀኑ ይህን ነው የምትፈልገው፤ ርዝመቱን አይደለም" አሉኝ።

ለእኔ ነገሩ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ሎንግ ቶን የትንፋሽ ውድድር መስሎኝ ነበር። የጆሮ ሥራ ነው። አንድ ድምፅ ይዘን ስንቆይ ጣት ሥራ ይፈታል፣ ዜማ የለም፣ ምት የለም፤ የምንደበቅበት ነገር አይኖርም። ፈጣን ሙዚቃ ላይ መጥፎ ድምፅ ሳይሰማ ያልፋል። እዚህ አያልፍም።

አንድ ችግር ግን ይቀረኝ ነበር። የታችኛው ሬና ዶ አልወጣ አሉኝ። ሳምንታት ፈጀሁባቸው። ከንፈሬን ስከፍት ስዘጋ፣ ትንፋሼን ሳበዛ ሳሳንስ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ድሮው ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ መጫን ጀመርኩ። መምህሬ ፍሉቱን ተቀብለው አንዴ ነፉና ፊታቸው ተለወጠ። ቀጭን የሲጋራ ወረቀት ከቁልፉ ሥር አስገብተው፣ ቁልፉን ዘግተው ወረቀቱን ሳቡት፤ ሳይያዝ ወጣ። ፓዱ፣ ቁልፉ ሥር ሆኖ ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ነገር፣ አልቆ አየር ያሾልክ ነበር። ጥገና ወስጄው ሁለት ፓድ ተቀየረለት። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ቡሽም ቦታውን ለቆ ነበር፤ የመጥረጊያው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ጭረት ከከንፈር ቀዳዳው መሐል መታየት አለባት፣ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስመለስ ዶ ያለ ምንም ጭንቀት ወጣች። ስለዚህ በተለይ ያገለገለ ፍሉት የገዛችሁ፣ ራሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ይንፋላችሁ። እኔ የፍሉቱን ጥፋት በመንጋጋዬ ነው የከፈልኩት።

አሁን በቀን የማደርገውን ልንገራችሁ። 15 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ሰዓቴም የጎረቤት ጉዳይ አለበት። መጀመሪያ ሰሞን ከታች ያሉት እትዬ በሩን አንኳኩተው፣ "ልጄ፣ ምነው አንዱን ብቻ ታስጮኸዋለህ፣ ዘፈን የለህም?" ብለውኝ ነበር። ቡና ላይ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ጠዋት ከ1 ሰዓት በኋላ ከሆነ ችግር የለም ተባባልን። ጎረቤት ያላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ተሳቅቆ የሚነፋ ሰው ድምፁ አይከፈትም።

አፌን እታጠባለሁ። ፍሉቱን ሳልጫወት ሞቅ ያለ ትንፋሽ እሰጠዋለሁ፣ በክረምት ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ድምፁ ዝቅ ስለሚል። ሜትሮኖሙን፣ ምት የሚቆጥርልኝን፣ በደቂቃ 60 ላይ አደርጋለሁ። ለ8 ምት እይዛለሁ፣ ለ8 ምት ዐርፋለሁ። ዕረፍቱን አትዝለሉት። ከንፈር የሚማረውም የሚያገግመውም እሱ ላይ ነው። ትንፋሼ ሳያልቅ ነው የማቆመው፤ 8 ምት ላይ ገና ትርፍ አየር እያለኝ። ያ ትርፍ ነው መጨረሻውን የሚያሳምረው።

ሲ ላይ በመካከለኛ ጉልበት እጀምራለሁ፣ ያለ ቫይብራቶ፣ ማለትም ድምፁን ሳላርገበግብ። ቫይብራቶ ቆንጆ ነው፣ ግን ያልተረጋጋን ድምፅ ይሸፍናል፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ መቆም ከቻለ በኋላ እመልሰዋለሁ። በግማሽ ድምፅ እየወረድኩ እስከ ታች እሄዳለሁ። ወደ ታች ስወርድ የሚረዳኝ ጉልበት መጨመር ሳይሆን አየሩን ትንሽ ወደ ታች ማዘንበልና የአፌን ውስጥ ሰፋ ማድረግ ነው፣ እንደ "ኦ"። ወደ ላይ ስወጣ ከንፈሬን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ ክፍተቱን አሳንሳለሁ፣ አየሩ ይፈጥናል። ጥርስ መንከስ የለም። መካከለኛው ዶ ዲየዝ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ዶ) ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ተጨማሪ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ክፍት ስለሆኑ ፍሉቱ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ይሳሳል፣ ወደ ላይም ይሸሻል።

ቀጥሎ ቀስ ብዬ ጀምሬ፣ አጠንክሬ፣ መልሼ ቀስ አደርገዋለሁ። ከሁሉ ከባዱ ይሄ ነው፣ ከሁሉ የጠቀመኝም ይሄው። ስጨምር ቃናው ወደ ላይ እንዳይሸሽ አየሩን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ስቀንስ እንዳይወርድ ታችኛው ከንፈሬን ወደ ፊት አድርጌ አየሩን ከፍ አደርጋለሁ። ፈተናው ላይ የጣለኝ ያ የመጨረሻ መውረድ እዚህ ነው የተስተካከለው። መጀመሪያ ሰሞን ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞት ነበር። ከወራት በኋላ ግን ድምፁ የት ላይ እንደቆመ ሳላውቀው ጸጥታው ውስጥ የሚገባበት ቀን መጣ።

ቲውነርን፣ ቃና መለኪያውን፣ በሚመለከት አንድ ስህተት ነበረኝ፤ ብዙዎቻችሁም ያላችሁ ይመስለኛል። መርፌውን እያየሁ እነፋ ነበር። ዓይኔ ያስተካክላል፣ ጆሮዬ ይተኛል። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እይዛለሁ፣ ልክ ነው ስል ብቻ ዓይኔን ገልጬ አያለሁ። ከዚያ በላይ የሚሻለው ግን የማይቋረጥ ድምፅ ስልክ ላይ ከፍቶ ከእሱ ጋር መንፋት ነው፤ እንዲህ የሚያደርጉ ነጻ አፖች ሞልተዋል። ስልኩ ላን በሰከንድ 440 ንዝረት ላይ ቢይዝና እናንተ 442 ላይ ብትሆኑ በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚመታ ነገር ትሰማላችሁ፣ ዋው ዋው የሚል። እየቀረባችሁ ስትመጡ ምቱ ይዘገያል፣ ስትገጥሙ ይጠፋል። ይህን ማንም ሳያስተምራችሁ ጆሯችሁ ራሱ ያውቀዋል።

የራሴም ጭማሪ አለኝ። ስልኩ ዶን ይዞልኝ እኔ በቅኝት ውስጥ አንድ በአንድ እይዛለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ትዝታ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። እያንዳንዱ ከዶው ጋር ያለው ስሜት ሌላ ነው፤ ሶል ትረጋለች፣ ሚ ልብ ትነካለች። ረቡዕና ሐሙስ ባቲ። ዓርብ አምባሰል። አምባሰል ላይ ከዶ ቀጥሎ ያለችው ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው ሬ) ቀላል አይደለችም፤ ዶው ከሥር እየጮኸ እሷን ያለ መሸሽ መያዝ ያስጨንቃል፣ ግን አንዴ ከለመዳችኋት ዜማው ውስጥ ስትመጣ ፈጽሞ አትንሸራተትም። አንቺሆዬን ለቅዳሜ ነው የማስቀምጠው፣ ጊዜ ሲኖረኝ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሠራ አይደለምና። ዋሽንት ለምትጫወቱ ይህኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል። ዋሽንት ቁልፍ የለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አራት ቀዳዳ ነው፣ ቃናውን የምታቃኑት በከንፈራችሁና በጣታችሁ ብቻ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን፣ እኔ እሑድ፣ ያችኑ ሲ፣ በዚያው ክፍል፣ ስልኬን እዚያው መደርደሪያ ላይ አድርጌ እቀዳለሁ። በየቀኑ አትቅዱ፣ ለውጥ ስለማይሰማ ተስፋ ያስቆርጣል። እኔ ለሦስት ሳምንት ምንም አልሰማሁም። በስድስተኛው ሳምንት የመጀመሪያውንና የቅርቡን አስከትዬ ስሰማ ነፋሱ በግማሽ ቀንሷል። በአራተኛው ወር መንጋጋዬን ሙሉ በሙሉ ረሳሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልጠበቅሁትም፤ ፈጣኖቹ ሥራዎች ራሳቸው ቀለሉኝ። ለካ ጣቶቼ የሚሰናከሉት ድምፁ እየጠፋ ስለሚያስደነግጣቸው ኖሯል። ድምፁ ሲቆም እነሱም ተረጋጉ።

ከንፈራችሁ ከደከመ ግን አቁሙ። 15 ደቂቃ ያልኩት ለጤነኛ ከንፈር ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ከንፈር መጥፎ ልማድ ብቻ ነው የሚማረው። መቅረት ካለባችሁም አንድ ቀን ቅሩ፣ በማግሥቱ ለማካካስ ብላችሁ እጥፍ አትንፉ። አምስት ደቂቃ ብቻ ያላችሁ ቀን ደግሞ አምስቷን ደቂቃ ለሎንግ ቶን ስጧት፣ ዜማውን ተዉት። እኔ ከዓመት በላይ የሠራሁት እንዲህ ነው። በዚህ መሐል በሌላ ትንሽ ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ፤ ክራርና ማሲንቆ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንለማመዳለን። ማሲንቆ የሚጫወተው ልጅ መጀመሪያ ቀን ድምፅ ይዤ ስጠብቀው ዞር ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ገባልኝ።

ያለፈው መስከረም አገር ቤት ወርጄ ነበር። አያ አርጅቷል፣ ትንፋሹም አጭር ሆኗል፣ ዋሽንቶቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ፍሉቱን ሣጥኑ ውስጥ ሲያየው እጁ ላይ እያገላበጠ፣ "ይህ ሁሉ ብረት ምን ይሠራል?" አለኝ። አብረን እንሞክር አልኩት። ከዋሽንቶቹ አንዱን መርጦ አንድ ድምፅ ያዘ። ከእኔ ዝቅ ይል ነበር። የፍሉቱን ጭንቅላት ትንሽ ሳብ አድርጌ ድምፁን አወረድኩት፣ የቀረውን በከንፈሬ ፈለግሁት። ምቱ ዋው ዋው አለ፣ ዘገየ፣ ጠፋ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አያ ትንፋሹን ሲወስድ እኔ ያዝኩለት፣ እኔ ስወስድ እሱ ያዘ። ዜማ ለመጀመር ማናችንም አልቸኮልንም።